ርካሽ ጨርቅ፣ ውድ ዕዳ፦ ከአሸተን እንዝርት እስከ ኮምቦልቻ ሼድ

አሸተን ማርያም ከላሊበላ ከተማ በላይ፣ ከባሕር ጠለል 3,150 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ከአለት የተፈለፈለች ገዳም ናት። በአካባቢው ትውፊት ሥራዋ በቅዱስ ላሊበላ ዘመን ተጀምሮ በነአኩቶ ለአብ ዘመን ተፈጸመ ይባላል። ከእርሷ በላይ የአቡነ ዮሴፍ ተራራ ከ4,200 ሜትር አልፎ ይታያል። የላስታ ደጋ ብርድ የዋዛ አይደለም፤ ለማኅሌት የሚያድር ቄስም ሆነ በግ የሚጠብቅ ልጅ ጋቢ ወይም ባና ሳይደርብ አያመሽም። ለገና ላሊበላ የሚወርደው ምእመንም ነጠላ ለብሶ ነው ቤተ ክርስቲያን የሚስመው።

ይህን ልብስ ማን ሠራው? ለድካሙስ ምን አገኘ? ባለፉት 200 ዓመታት ጨርቅ በየዘመኑ እየረከሰ መጥቷል። በረከሰ ቁጥር ልዩነቱን በጉልበቱ የከፈለ ሰው ነበረ፤ አብዛኛውን ጊዜም ያ ሰው ከገጠር የወጣች ወጣት ሴት ናት። ታሪኩን ከመጀመሪያው እንያዘው።

ፈትል የሴት፣ ሽመና የወንድ

ጥጥ በአካባቢያችን ጥንታዊ ነው። በአራተኛው መቶ ክፍለ ዘመን ንጉሥ ኢዛና በኖባ ላይ ስላደረገው ዘመቻ ባስቀረጸው ጽሑፍ ካወደማቸው ነገሮች መካከል የእህልና የጥጥ ክምችት ይገኝበታል። ላስታ ግን የገብስና የባቄላ አገር እንጂ የጥጥ አገር አይደለም። ጥጡ በአህያና በበቅሎ ከቆላው ይመጣ ነበር፤ ደገኛው በእህል፣ በጨው ወይም በገንዘብ ይገዛዋል። የራሱ የነበረው የበግ ጠጉር ነው፤ ከእርሱም ባና ይሠራል።

ጥጡ ቤት ከገባ በኋላ ሥራው የሴት ነው። በድንጋይ ላይ በብረት ዘንግ እየዳመጠች ፍሬውን ታወጣለች፤ በደጋን ነድፋ ታፍታታዋለች፤ ባዘቶውን ጠቅልላ ትይዝና በእንዝርት መፍተል ትጀምራለች። እንዝርቱን በጭኗ ላይ ታሾረዋለች፣ ክሩን በሁለት ጣቷ ትስባለች፣ ከቀጠነ ይበጠሳል፣ ከወፈረ ሸማኔው ይነቅፈዋል። ከወፍጮ፣ ከውኃ፣ ከእንጨት ለቀማና ከልጅ ማሳደግ በተረፈ ሰዓት ስለሆነ የምትፈትለው፣ ለአንድ ጋቢ የሚበቃ ድርና ማግ እስኪሞላ ወራት ሊወስድ ይችላል። ልቃቂቱ ሲሞላ ለሸማኔ ይሰጣል። ሸማኔው እግሩን ከጉድጓዱ አስገብቶ፣ መርገጫውን እየረገጠ፣ መወርወሪያውን ከግራ ቀኝ እየወረወረ በጥቂት ቀናት ይጨርሰዋል።

ሸማኔው የእጅ ዋጋውን በእህል ወይም በገንዘብ ይቀበል ነበር። የፈታይዋ ግን አይታሰብም። ከሥራው የሚበዛው የእርሷ ሆኖ ሳለ “የቤት ሥራ” ተብሎ ታለፈ። በመኳንንቱ ቤትማ ፈትሉ የገረዶችና የባሪያዎች ግዴታ ነበር። ስለዚህ በርካሽ ጉልበት የተሠራ ልብስ ወደ አገራችን ከባሕር ማዶ አልመጣም፤ ከእኛው ጓዳ ጀምሯል።

ሸማኔውም ቢሆን ክብር አልነበረውም። ባለ እጅ መሆን የሚያሰድብ ነበር፤ ቀጥቃጩ ጠይብ፣ ቡዳ ይባላል፣ ሸማኔውም የራሱ የስድብ ስም ነበረው። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ሠራተኛን በሥራው የሚሰድብ እንዲተው አዋጅ አስነገሩ። አዋጁ የብረት ሠራተኛውን፣ ሸማኔውን፣ ጸሐፊውንና አራሹን እየጠራ ይከላከላል። አንድ መንግሥት የሠራተኛን ክብር በአዋጅ ማስጠበቅ ካስፈለገው ንቀቱ ምን ያህል ሥር እንደሰደደ መገመት አያዳግትም። ንቀቱ ደግሞ ዋጋ አለው፤ የተናቀ ሰው ጉልበቱ ሲረክስ የሚቆረቆርለት አይኖርም።

አሜሪካ ሠራሹ አቡጀዲ

በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከምጽዋ ወደብ ወደ ደጋው በሚወጡ ሲራራ ነጋዴዎች ጭነት ውስጥ አንድ አዲስ ዕቃ እየበዛ መጣ። ያልነጣ፣ ጠንካራ፣ ወጥ ጨርቅ ነው፤ ሕዝቡ አቡጀዲ አለው። ሱሪና እጀ ጠባብ ተሰፋበት፣ ለሠራዊት ድንኳን ሆነ፣ ሙታን ተገነዙበት። ለወራት ተፈትሎ ከሚሠራው ሸማ ጋር ሲነጻጸር ርካሽ ነበር። በዘመኑ ከአሜሪካ ማሳቹሴትስ የሚነሱ ነጋዴ መርከቦች ይህንኑ ጨርቅ በምሥራቅ አፍሪካ ጠረፍና በቀይ ባሕር ዙሪያ ይሸጡ ነበር። አሜሪካ እ.ኤ.አ. በ1833 ከመስከት ሱልጣን ጋር ውል ከተዋዋለች በኋላ በዛንዚባር በኩል ገበያው ይበልጥ ተከፈተ።

ጨርቁ ከዚያ ሁሉ ርቀት መጥቶ እንዴት ሊረክስ ቻለ? አንደኛው ምክንያት ማሽን ነው። እ.ኤ.አ. በ1793 ኤሊ ዊትኒ የተባለ አሜሪካዊ ጥጥን ከፍሬው የሚለይ መዳመጫ ማሽን ሠራ፤ የላስታ ሴት በድንጋይና በብረት ቀኑን ሙሉ የምትደክምበትን ሥራ ማሽኑ በደቂቃዎች ይጨርሰዋል። ሁለተኛው ምክንያት ባርነት ነው። መዳመጡ ሲቀል ጥጥ ማምረት አትራፊ ሆነ፣ እርሻው ሰፋ፣ ጥጥ ለቃሚ ባሪያ ተፈለገ። ማሽኑ የሰውን ድካም ያቃልላል ሲባል ባርነትን አስፋፋው። እ.ኤ.አ. በ1860 በአሜሪካ አራት ሚሊዮን ገደማ ባሪያዎች ነበሩ፤ ከእነርሱም እጅግ ብዙዎቹ በደቡቡ የጥጥ እርሻ ላይ ነበሩ። ሰሜኑ ፋብሪካ የሚፈትለው ጥጥ በእነርሱ ጣት የተለቀመ ነው።

በሰሜኑ ፋብሪካዎች ውስጥስ ማን ነበረ? በማሳቹሴትስ ሎውል ከተማ የሽመና ማሽኖቹን የሚያንቀሳቅሱት ባብዛኛው የገበሬ ልጆች የሆኑ ወጣት ሴቶች ነበሩ። በኩባንያው መኖሪያ ቤቶች ተጠጋግተው ያድራሉ፣ በደወል ይነሣሉ፣ በደወል ይተኛሉ። እ.ኤ.አ. በ1834 ደመወዛቸው ሲቀነስ፣ በ1836 ደግሞ የመኖሪያው ኪራይ ሲጨመርባቸው ሥራ አቁመው አደባባይ ወጡ። ከገጠር የወጣች ልጅ፣ በአንድ ክፍል ታጭቆ ማደር፣ ከኪራይና ከምግብ የማያልፍ ደመወዝ፤ ይህን ሥዕል አንባቢ በልቡ ይያዘው፤ ከ180 ዓመት በኋላ በእኛው አገር እናገኘዋለን።

በምኒልክ ዘመን የአሜሪካ ጨርቅ በኢትዮጵያ ገበያ ትልቅ ቦታ ይዞ ነበር። በማርሴይ የአሜሪካ ቆንስል የነበረው ሮበርት ስኪነር ከንጉሠ ነገሥቱ ጋር የንግድ ውል ለመዋዋል ወደ አዲስ አበባ ሲመጣ ከሚያስባቸው ጉዳዮች አንዱ ይኸው የጥጥ ጨርቅ ንግድ ነው። ውሉ በታኅሣሥ 1896 ዓ.ም. ተፈረመ። ኢትዮጵያና አሜሪካ ከመጀመሪያው የተገናኙት በርካሽ ጨርቅ ጉዳይ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ጃፓን፣ ከዚያም ጣሊያን

አሜሪካ ግን በገበያው ላይ አልሰነበተችም። ከመጀመሪያው የዓለም ጦርነት በኋላ የጃፓን ጨርቅ በዋጋ እየቀደመ መጣ፤ በ1920ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ አብዛኛው ወደ ኢትዮጵያ የሚገባ የጥጥ ጨርቅ የጃፓን ሆኖ ነበር። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. ጃፓንን ሲጎበኙ የአገሪቱ የሥልጣኔ ፍጥነት እጅግ ማርኳቸዋል፤ በዘመኑ የነበሩ ብዙ ወጣት ምሁራንም ኢትዮጵያ የጃፓንን መንገድ እንድትከተል ይሹ ነበር። ያ ፍጥነት ግን የሚታይ ፊትም የማይታይ ጓዳም ነበረው። የጃፓንን ፈትል ፋብሪካዎች ያቆሙት ከገጠር በቅድሚያ ክፍያ የተወሰዱ፣ ግቢው በታጠረ ማደሪያ የሚያድሩ፣ በሳንባ ነቀርሳ የሚረግፉ ወጣት ሴቶች ነበሩ። ጨርቁን ላስታ ገበያ ላይ የገዛ ሰው ይህን የሚያውቅበት መንገድ አልነበረውም።

ጣሊያን አገራችንን በወረረበት ዘመን፣ እ.ኤ.አ. በ1939፣ ድሬዳዋ ላይ የጥጥ ፋብሪካ ተቋቋመ። ከነፃነት በኋላም ፋብሪካው ለኢትዮጵያ ዘመናዊ ጨርቃ ጨርቅ መጀመሪያ ሆኖ ቀጠለ።

የፋብሪካው ዘመን

ከነፃነት በኋላ መንግሥት ጨርቅን በአገር ውስጥ ማምረት ዓላማው አደረገ። አቃቂ ላይ በሕንድ ባለሀብቶች ተሳትፎ ፋብሪካ ቆመ። በ1953 ዓ.ም. ደግሞ ጣሊያን ለወረራው በከፈለችው የጦር ካሣ የተሠራው የባሕር ዳር ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ተመረቀ። ለባሕር ዳርና ለአካባቢው ገጠር ፋብሪካው ከተማ የሠራ፣ ሰውን ከማሳ ወደ ደወል ያመጣ ነገር ነበር።

ፋብሪካው ሌላም ነገር አመጣ፤ ሠራተኞች አንድ ላይ ቆመው የሚደራደሩበትን ዕድል። በ1955 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር ተመሠረተ። የወንጂ ስኳር፣ የጨርቃ ጨርቅና የሌሎች ፋብሪካዎች ሠራተኞች የሥራ ሰዓት እንዲገደብ፣ ደመወዝ እንዲሻሻል፣ ያለ በቂ ምክንያት ማባረር እንዲቀር ጠየቁ። ሁሉንም አላገኙም። ሆኖም በእንዝርት ዘመን ያልነበረ ነገር ተገኘ፤ ደመወዝ ማነሱን በስሙ ጠርቶ የሚከራከር ማኅበር።

ላስታ ከዚህ ሁሉ ርቆ ነበር። በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃብ ወሎን ሲያረግፍ፣ በ1977 ዓ.ም. ደግሞ ሰው ቆቦና ኮረም መንገድ ዳር ሲሞት፣ የላስታ ቤተሰብ መጀመሪያ የሸጠው ከብቱን፣ ቀጥሎ ዕቃውን፣ በመጨረሻም ልብሱን ነው። ወደ 600,000 የሚጠጋ ሕዝብ ከወሎ፣ ከትግራይና ከሸዋ ወደ ደቡብ ምዕራብና ወደ ምዕራብ ለሠፈራ ተወሰደ። ለአቡጀዲ መግዣ እንኳ የማይበቃ ድህነት ነበር።

በዚያው አስርት ዓመት ማብቂያ ላይ ኮምቦልቻ ላይ ትልቅ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ሥራ ጀመረ፤ አንሶላና ፎጣ ያመርታል። ወሎ ውስጥ የወር ደመወዝ የሚባለውን ነገር ለብዙ ቤተሰብ ያስተዋወቀው ይህ ፋብሪካ ነው። ከላሊበላ በጋሸና፣ በወልድያና በደሴ አድርጎ ኮምቦልቻ መድረስ በዚያን ጊዜ ራሱ የቻለ ጉዞ ነው። ቢሆንም ወንድም እኅቱን፣ ጎረቤት ጎረቤቱን እየሳበ ሰው ወረደ።

ሰልባጅና ስደት

ከ1983 ዓ.ም. በኋላ ገበያው ተከፈተ። ከእስያ የመጣ አዲስ ልብስ በየሱቁ ተሰቀለ። በኮንትሮባንድ የሚገባው ሰልባጅ ደግሞ በየሳምንቱ ገበያ መሬት ላይ ተነጠፈ። ከአውሮፓና ከአሜሪካ በስጦታ ወይም በክብደት ተሽጦ የወጣው ልብስ የላስታ ልጅ ትከሻ ላይ ደረሰ። ድሃ የሚገዛው ነውና ማንም ገዢውን አይወቅስም። ነገር ግን ፈታይዋና ሸማኔው በዚህ ዋጋ ሊወዳደሩ አይችሉም፤ የአገር ውስጥ ፋብሪካዎችም ተዳከሙ።

የእጅ ሸማ እንዲህ ባለ ዋጋ ሲፎካከር ምን እንደሚሆን አዲስ አበባ ላይ ታየ። ሽሮ ሜዳና አካባቢው የሸማኔ መንደር ነው፤ ብዙዎቹ ሸማኔዎች ከጋሞ ደጋ የመጡ ናቸው። ጥበቡን ለመማር፣ ትምህርት ቤት ለመግባት እየተባሉ ከዚያው የተወሰዱ ልጆች ረጅም ሰዓት ያለ ክፍያ ወይም በጥቂት ምግብ ብቻ ሲሸምኑ መኖራቸው በተደጋጋሚ ተመዝግቧል። ለበዓል ለብሰነው የምንኮራበት ነጠላ ሁሉ በንጹሕ እጅ የተሠራ እንዳልሆነ መቀበል ያሻል።

የላስታና የራያ ወጣት ደግሞ መሬቱ እየጠበበ ሲሄድ ዐይኑን ወደ ባሕር ማዶ አነሣ። ሴቶቹ ለቤት ሠራተኝነት በአውሮፕላን፣ ብዙ ወንዶች በጅቡቲና በየመን በእግር ወደ ሳዑዲ ዐረቢያ ተጓዙ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያንን ስታባርር ሰሜን ወሎ ብዙ ልጆቿን ባዶ እጃቸውን ተቀበለች። በዚያ ጊዜ መንግሥት ያቀረበው መልስ “ፋብሪካ እዚሁ እናመጣላችኋለን” የሚል ነበር።

ሼዶቹ

የሳዑዲው መባረር ከመጀመሩ ከሰባት ወር ገደማ በፊት፣ ሚያዝያ 16 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ በባንግላዴሽ ዳካ አቅራቢያ ራና ፕላዛ የተባለ ባለ ብዙ ፎቅ ሕንፃ ፈርሶ ከ1,100 በላይ ሰዎች ሞተዋል። በውስጡ ለምዕራባውያን ሱቆች ልብስ የሚሰፉ ፋብሪካዎች ነበሩ። ግድግዳው ከአንድ ቀን በፊት ተሰንጥቆ ታይቷል፤ ሕንፃው ውስጥ የነበረው ባንክ ሠራተኞቹን ሲያስወጣ የልብስ ፋብሪካዎቹ ግን ሠራተኞቻቸውን ወደ ሥራ መለሱ። ዓለም ደነገጠ፤ ትልልቅ የልብስ ኩባንያዎችም አዲስ አገር ፈለጉ። ከተመለከቷቸው አገሮች አንዷ ኢትዮጵያ ነበረች።

የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ በሐምሌ 2008 ዓ.ም. ተመረቀ፤ የኮምቦልቻው ፓርክ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ተከተለ። ሁለቱንም የገነባው የቻይናው የግንባታ ኩባንያ ሲሲኢሲሲ ነው። ልብሱ በዚያን ጊዜ አጎዋ በተባለው የአሜሪካ ሕግ ከቀረጥ ነፃ አሜሪካ ይገባ ነበር። ሐዋሳ ለ60,000 ሰው ሥራ እንደሚሰጥ ታቀደ። መንግሥት ባለሀብት ሲጠራ የኢትዮጵያን የጉልበት ርካሽነት እንደ ማስታወቂያ አቀረበው። እዚህ ላይ አንድ ነገር ተወሰነ፤ የአገሪቱ ልጆች ድህነት ለገበያ የቀረበ ሸቀጥ ሆነ።

በፓርኩ የፋብሪካ ሼድ ውስጥ ሥራው እንዲህ ነው። ሠራተኛዋ ሙሉ ልብስ አትሰፋም። አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ ቀጣይዋ ኮሌታ፣ ቀጣይዋ እጅጌ፤ ጨርቁ በረድፉ ያልፋል። እያንዳንዷ ታርጌት አላት፤ ሱፐርቫይዘሩ በየሰዓቱ ቁጥሩን ይጽፋል። አንዷ ከዘገየች ረድፉ ሁሉ ይዘገያል፤ ስለዚህ ሽንት ቤት መሄድ እንኳ ማስፈቀድን ይጠይቃል። በሙያው የረቀቀ አይን ያላት ፈታይ በሦስት ወር ውስጥ የምትማረው ሥራ ነው፤ ግን የክሩን ውፍረት የምትወስነው እርሷ አይደለችም፣ ልብሱ ተጨርሶም አታየው።

ደመወዙስ? በግንቦት 2011 ዓ.ም. የኒው ዮርክ ዩኒቨርሲቲ ስተርን የቢዝነስና የሰብዓዊ መብት ማእከል የሐዋሳን ፓርክ መርምሮ ባወጣው ዘገባ መነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር፣ በዘመኑ ምንዛሪ 750 ብር ገደማ መሆኑን ጻፈ። ልብስ ከሚያመርቱ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። በዚያው ዘገባ ባንግላዴሽ 95፣ ኬንያ 207፣ ቻይና 326 ዶላር ላይ ነበሩ። 750 ብር በወር ለ26 የሥራ ቀናት ሲካፈል በቀን 29 ብር አይሞላም። ሠራተኞቹ ለአራት ሆነው አንዲት ክፍል ይከራዩ፣ ፍራሽ ይጋሩ ነበር፤ ለቤተሰብ መላክ ቀርቶ ወሩን ማድረስ አይችሉም። ውጤቱም ግልጽ ሆነ፦ ፋብሪካዎቹ በመጀመሪያው ዓመት ከቀጠሩት ሠራተኛ ጋር የሚተካከል ቁጥር አጡ።

ከዚያ ጥቂት ወራት ቀደም ብሎ በታኅሣሥ 2011 ዓ.ም. የሠራተኞች መብት ኮንሶርቲየም የተባለው የአሜሪካ ተቋም አራት ፋብሪካዎችን መርምሮ በሰዓት ከ12 የአሜሪካ ሳንቲም ያነሰ የሚከፈላቸው ሠራተኞች መኖራቸውን፣ ሥራ ፈላጊ ሴቶች አርግዘው እንደሆነ ሆዳቸው እየተዳሰሰ የተፈተሹበት ሁኔታ መኖሩን አሳወቀ። በድካም ማሽን ላይ የወደቁም ነበሩ።

አሠሪዎቹም የራሳቸው ክርክር አላቸው። ሠራተኛው ለፋብሪካ ሥርዓት አዲስ ነው፣ ምርታማነቱ ዝቅተኛ ነው፣ ሰልጥኖ ወዲያው ይለቃል ይላሉ። ይህ እውነትነት አለው። ግን የለቀቀበት ምክንያት ከደመወዙ አይለይም። በረሃብ የሚሠራ ሰው ምርታማ አይሆንም፤ ከኪራይ የማያልፍ ደመወዝ የሚያገኝ ሰውም የተሻለ ባገኘ ቀን ይሄዳል። ብዙዎቹ የሄዱት ወደ ሌላ ፋብሪካ አልነበረም፤ ወደ እርሻ፣ ወደ ሻይ ቤት ወይም ወደ ዐረብ አገር ነበር።

ኮምቦልቻ ላይም ከደቡብና ከሰሜን ወሎ ገጠር የመጡ ወጣት ሴቶች በዚሁ ሥርዓት ተቀጠሩ። እናታቸው በእንዝርት የፈተለችው አልተከፈላትም፤ ልጅቷ ተከፈላት። ለውጡን ማቃለል አይገባም፤ በእጇ የገባው ብር የመጀመሪያዋ የራሷ ገንዘብ ሊሆን ይችላል፤ ከቤት ለመውጣት፣ ያለ ዕድሜ ጋብቻን እምቢ ለማለት ዐቅም ሰጥቷታል። ችግሩ ዕድሉ መኖሩ አይደለም፤ ዕድሉ እንዲኖር የተጠየቀችው ዋጋ ነው።

ጦርነትና የተዘጋ ገበያ

በ2012 ዓ.ም. ኮቪድ ሲመጣ የውጭ ገዢዎች ትእዛዝ ሰረዙ። ላሊበላም ቱሪስት አጣች፤ ጎብኚን ወደ አሸተን የሚመሩት ወጣቶች፣ በቅሎ የሚያከራዩት፣ በመንገዱ ዳር ጋቢና መስቀል የሚሸጡት ሁሉ ገበያ ተዘጋባቸው።

ከዚያ የሰሜኑ ጦርነት መጣ። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. መጨረሻ የትግራይ ኃይሎች ላሊበላን ያዙ፤ ከተማዋ እስከ ታኅሣሥ 2014 ዓ.ም. ድረስ ከእጅ ወደ እጅ ተላለፈች። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ማብቂያ ኮምቦልቻ ተያዘች፤ እስከ ኅዳር ማብቂያ ድረስም በዚያው ቆየች። የኢንዱስትሪ ፓርኩ ተዘረፈ። በዚያው ኅዳር ወር በሐዋሳ ግንባር ቀደም የነበረው የአሜሪካው የልብስ ኩባንያ ፒቪኤች ፋብሪካውን መዝጋቱን አስታወቀ። ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች።

ውሳኔው የተሰጠው በመንግሥታት መካከል ባለ ጉዳይ ነው። ያረፈው ግን በልብስ ሰፊዋ ላይ ነው። ከ26 ዶላር ላይ ምንም ሳታስቀምጥ የኖረች ልጅ ከሥራ ስትሰናበት የምትተማመንበት የሥራ አጥነት ድጎማ አልነበራትም። የርካሽ ጉልበት ሥርዓት መሠረቱ የውጭ ገበያ ሲሆን አደጋው ሁሉ የተተወው ለእርሷ ነው፤ ትርፉ ግን ቀድሞ ወጥቷል።

ዛሬ

ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር በገበያ እንዲመነዘር ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በቀጣዩ ዓመት ከ120 ብር አለፈ። በወር 2,000 ብር የሚከፈላት ሠራተኛ ለውጭ ገዢው ከ35 ዶላር ወደ 17 ዶላር ወረደች ማለት ነው። እርሷ ግን ዘይቱን፣ ጤፉንና ኪራዩን የምትከፍለው በአዲሱ ዋጋ ነው። ለኤክስፖርት አመቺ የተባለው ነገር ለእርሷ የደመወዝ ቅነሳ ሆነ።

ገበያ ላይ ደግሞ በማሽን የተሠራ፣ ጥለቱ የታተመበት የሽፎን ቀሚስ የእጅ ሸማን ቦታ እየወሰደ ነው። በአሸተን ግርጌ ባሉ መንደሮች ዛሬም የሚፈትሉ እናቶች አሉ። ምርታቸውን የሚገዛ ሰው ዋጋውን ከሽፎኑ ጋር አነጻጽሮ ይከራከራቸዋል። እነርሱም ዝቅ ያደርጉታል፤ ምክንያቱም የድካማቸውን ሰዓት ዛሬም የሚቆጥርላቸው የለም።

ሕጉ ግን አለ። የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 የአገሪቱን ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚወስን ቦርድ እንደሚቋቋም ደንግጓል። አዋጁ ከወጣ ከአምስት ዓመት በላይ አልፏል። የኢትዮጵያ ሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽንም ወለሉ እንዲወሰን ደጋግሞ ጠይቋል። ሎውል ላይ እ.ኤ.አ. በ1834 የተጠየቀው፣ በ1955 ዓ.ም. አገራችን ላይ በማኅበር የተደራጀው ጥያቄ ይኸው ነው፤ በወር የሚከፈል ገንዘብ ከወር ወር ያድርስ።

ወለል ከተወሰነ ባለሀብት ይሸሻል የሚሉ አሉ። ባለሀብቱ ግን ወለል ሳይኖርም ሸሽቷል፤ ያባረሩት ጦርነቱና የአጎዋ መታገድ ናቸው። ከኢትዮጵያ በብዙ የሚበልጥ ደመወዝ የሚከፍሉ ባንግላዴሽና ኬንያ ደግሞ ፋብሪካዎቻቸውን ይዘው ቀጥለዋል። በርካሽነት ብቻ የሚመጣ ባለሀብት ሌላ ርካሽ ባገኘ ቀን ይሄዳል፤ እኛ ጋ የሚቀረው ባዶ ሼድና የደከመ ትውልድ ነው።

ስለዚህ ለሦስት ወገን አንድ ቃል አለኝ። መንግሥት በአዋጁ የገባውን ቃል ይፈጽም፤ ቦርዱን ያቋቁም፣ የደመወዝ ወለሉን በኑሮ ወጪ ላይ ተመሥርቶ ይወስን፣ በየጊዜውም ይከልሰው። አሠሪዎች ማኅበር መመሥረትን አይከልክሉ፣ እርጉዝ ሴትን አያሸማቅቁ። እኛም፣ በአገር ውስጥና በውጭ ያለን ገዢዎች፣ ጋቢና ነጠላ ስናዝዝ ፈታይዋ ስንት እንደተከፈላት እንጠይቅ፤ ነጋዴው ካልነገረን ለሚነግረን ሰው እንክፈል። አዋጁ ወጥቷል፣ አንቀጹም አለ፤ የቀረው ቦርዱ ተቋቁሞና ተሰብስቦ ቁጥሩን መጻፉ ብቻ ነው።